ኔሊዳ ወደ ወንዙ የተመለሰች ዕለት

እህቴ ኔሊዳ የክፍሌን በር በእጇ አላንኳኳችም፤ በእግሯ ነው የመታችው። እጆቿ በማጥመጃ ዘንጉና በቦርሳው ተይዘው ነበር።

«ተነስ አንተ! ወንዙ ዛሬ ይከፈታል።»

«ወንዙ የትም አይሄድም እትዬ» አልኳት፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ።

«እሱማ አይሄድም። የምሄደው እኔ ነኝ። ሰባን አልፌ እኮ ነው የማነጋግርህ።»

በእኛ ከተማ በአሉሚኔ የበረዶው ወራት አልፎ ማጥመድ የሚፈቀድበት የመጀመሪያው ቅዳሜ እንደ በዓል ነው። ወንዶቹ ከዋዜማው ጀምሮ በየቡና ቤቱ ትራውት ስለሚሉት ዓሳ ይዋሻሉ፤ ሚስቶቻቸው ደግሞ ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ። ኔሊዳ በዚህ ቀን ወንዝ ከወረደች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር። እኔም እንደማትሄድ ለምጄ፣ ቀኑን የመኝታ ቀን አድርጌው ነበር።

እናታችን ያረፈችው በዚያው ዓመት በበረዶው ወራት መሃል ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን አልጋ ላይ ነበረች። ኔሊዳ አጠበቻት፣ አገላበጠቻት፣ በማንኪያ አበላቻት። እኔ ከሳፓላ ከተማ አውቶቡሱን ነድቼ ስመለስ አቧራዬን ሳላራግፍ ተራውን እቀበላት ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህማ አንድ አልጋ የምንጠብቅ ሁለት ዘበኞች ሆነን ቀረን። ከቀብሩ መልስ ሰው ሁሉ እጃችንን እየጨበጠ «በቃ፣ አሁን እረፉ» አለን። እረፍት ግን እንደ ጠፋ በሬ ነው፤ ስለጠሩት ብቻ አይመጣም። ተኝተን ስንነሳ ከመተኛታችን በፊት ከነበረው ይብስ ይደክመናል። ድስት እሳት ላይ ጥደን እንረሳለን። እናታችንን በምናገላብጥበት ሰዓት ሁለታችንም ባንነን እንነሳና መተላለፊያው ላይ እንገናኛለን፤ እንደ ሌባ ተያይተን ወደየክፍላችን እንመለሳለን።

ኔሊዳ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ የማጥመጃ ዝንብ ስትሠራ ነበር። ትንሿን ማሰሪያ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ታጠብቅና መንጠቆዋን ታስነክሳታለች፤ ከዚያ የጎረቤታችንን አውራ ዶሮ ላባ፣ የጥንቸል ጸጉር፣ ከተቃጠለ ዲናሞ የፈታሁላትን የመዳብ ሽቦ እየጠመጠመች ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ነፍሳት ታስመስለዋለች። እናታችን አእምሮዋ ደህና በሆነላት ቀን አይታ ትተቻለች፤ «ያቺኛዋ ሆዷ ተነፍቷል፤ ማን ይበላታል?» ትላለች። ኔሊዳም ፈትታ እንደገና ትሠራለች። የማርማላታ ቆርቆሮዎቹ እየሞሉ መደርደሪያው ላይ ተደራረቡ። ከእነዚያ ሁሉ ዝንቦች አንዲቷም ውሃ ነክታ አታውቅም ነበር።

ታዲያ እንዲህ ስል አሰብኩ፤ ላስቀራት ብሞክር እስከ እራት ድረስ ታኮርፈኛለች፤ ባደርሳት ደግሞ መኪናዋ ውስጥ እተኛለሁ። ተነሳሁ።

«የማንበላውን ዓሳ ለመያዝ ይሄ ሁሉ ብርድ» አልኳት ሱሪዬን እየታጠቅኩ። በዚህ ሰሞን የተያዘ ትራውት ወደ ውሃው ተመልሶ እንዲለቀቅ ታዟል።

«አንተ ሚስት ፈልገህ ስትዞር በኖርክበት ዘመን የትኛዋን በላሃት?» አለችና ወጣች።

አሮጌዋ መኪናችን ከብዙ ልመና በኋላ ተነሳች። ያሰብነው እንደ ድሮው ወንዙ ዳር ባለው የከብት እርሻ በር ገብተን እስከ ማሰሮው ድረስ ለመንዳት ነበር። ማሰሮው የምንለው ወንዙ ታጥፎ ከአለት ሥር የሚሽከረከርበትን ጥልቅ ቦታ ነው፤ አባታችን ኔሊዳን ማጥመድ ያስተማራት እዚያ ነው። እኔንም ሊያስተምረኝ ሞክሮ ትዕግሥት የለህም ብሎ ትቶኛል። ከበሩ ስንደርስ ግን ሰንሰለት ታስሮበታል። ከሰንሰለቱ ጀርባ ፌርሚን በፈረሱ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ፌርሚን የኔሊዳ ባል ነበር። ወጣት ሳሉ ተጋብተው ጥቂት እንደኖሩ፣ ለአንድ ሰሞን ብሎ ከበግ ሸላቾች ጋር ወደ ደቡብ ሄደ፤ ያ ሰሞን ጸጉሩ እስኪነጣ ድረስ አላለቀም። ሲመለስ የእርሻው ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ አያልፉም። እሷን ያንገበገባት የድሮው ነገር አልነበረም። እናታችን እንደ ልጇ ትወደው ነበር፤ እሱ ግን ለቀብሯ አልመጣም።

«እንደምን አደራችሁ» አለ ፌርሚን፣ ቆቡን ነካ አድርጎ።

«እስከዚህ በር ድረስ ደህና ነበርን» አለች ኔሊዳ።

«መክፈት አልችልም ኔሊ። አዲሱ ባለቤት ከልክሏል። ያቺን ታያታለሽ?» ምሰሶው ላይ ወደ ተሰቀለች ካሜራ በአገጩ አመለከተ። «ሰውዬው ቦነስ አይረስ ቁጭ ብሎ የገባውን የወጣውን ያያል።»

ኔሊዳ ከመኪናው ወረደች፤ ምሰሶው ሥር ሄዳ እጇን አውለበለበች። «ጌታዬ፣ እንደምን አደሩ! ቤተሰቡ ደህና ነው? ይሄ ዘበኛዎ ጢሙን አይላጭም፤ እባክዎ ይቆጡልኝ!»

ፌርሚን ሳቁን ዋጥ አድርጎ «አይሰማም እኮ፤ ማየት ብቻ ነው» አለ።

«ተመሳስላችኋላ! አንተም እኮ ስታይ ነው የኖርከው።»

ጋሼ ፌርሚን ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምን ልርዳው? መሪውን ይዤ ወደ ፊት አየሁ።

«ከድልድዩ ብትነሱ በውሃው ዳር መሄድ ትችላላችሁ» አለ ፌርሚን። «የወንዙ ዳር የሕዝብ ነው፤ ማንም አይከለክላችሁም። አጥሩን ብቻ እንዳትሻገሩብኝ።»

«ከድልድዩ? በእግር? ወንድሜን ቴልሞን እስቲ እየው! ይሄ ሰው አርባ ዓመት ቁጭ ብሎ ሲነዳ እግር እንዳለው የረሳ ሰው ነው።»

«እዚሁ ነኝ እኮ፤ እየሰማሁ ነው» አልኩ።

«ስማ እንጂ፣ ማን ከለከለህ? መኪናዋን አዙራት።»

ከድልድዩ እስከ ማሰሮው ያለውን መንገድ መንገድ የሚለው ያልሄደበት ሰው ነው። በአንድ ወገን ወንዙ፣ በሌላው ወገን የእርሻው የሽቦ አጥር፣ መሃሉ አኻያና ጭቃ ነው። በረዶው ከተራራው እየቀለጠ ስለሚወርድ ውሃው ዳሩን ነክሶታል፤ በየጥቂቱ የአኻያ ቅርንጫፍ ይዘን በጠርዙ ላይ እንንጠላጠላለን። ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ኔሊዳ የአባታችንን እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሳ ከፊቴ ትሄዳለች፤ ጉልበቱ ላይ በብስክሌት ጎማ የተጣጠፈ ነው፤ ስትራመድ እንደ እርጥብ በር ይንቋቋል። እኔ ቦርሳውን ተሸክሜ እከተላታለሁ። ድካሙ ከእግሬ አልነበረም የሚመጣው። ከውስጥ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር ነበር። አንድ ጉቶ ባየሁ ቁጥር ሰው ያነጠፈልኝ አልጋ ይመስለኛል።

ከአጥሩ ማዶ ፌርሚን በፈረሱ ዝግ ብሎ አብሮን ይሄድ ነበር።

«ምን ትከተለናለህ?» ብላ ጮኸችበት።

«ሥራዬ ነው! አጥር እየጠበቅኩ ነው!»

«አጥርህ እግር አለው እንዴ፣ የሚጠበቅ?»

ፌርሚን ሲጋራ ጠቅልሎ፣ ነፋሱን በጀርባው ከልሎ ለኮሰ።

ማሰሮው ጋ ስንደርስ እኔ ድንጋይ ላይ ተዘረርኩ። ወንዙ እንደ ጠርሙስ ቂጥ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሞልቷል፣ ይከብዳል፤ ድምፁ ጆሮ ይሞላል። ኔሊዳ ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ከዚያ የማርማላታ ቆርቆሮዋን ከፈተች። ብዙ ስትመርጥ ቆይታ አንዲት ከባድ፣ ጥቁር ዝንብ አወጣች። ልታስራት ስትሞክር ጣቶቿ በብርዱ አልታዘዝ አሏት፤ ክሩን በከንፈሯ አርጥባ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ በስንት መከራ አሰረቻት።

የመጀመሪያው ውርወራ ከኋላዋ ያለውን አኻያ ያዘ። የሁለተኛው ቆቤን።

«ትልቅ ነገር ያዝሽ እትዬ» አልኳት።

«ይሄስ ቢለቀቅም ባይለቀቅም ለማንም አይጠቅም።»

ከዚያ እጇ አስታወሰ። ዘንጉ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ወደ ፊት ይመለሳል፤ ክሩ ከራሷ በላይ ተዘርግቶ ማዶ ያርፋል። ከባዷ ዝንብ ትሰምጣለች፤ ክሩ በውሃው ተገፍቶ ግማሽ ክብ እየሠራ ወደ እኛ ዳር ይመጣል። ትሰበስባለች፤ አንድ እርምጃ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ደግማ ትወረውራለች። አንድም ነገር አልነካትም። ፀሐይዋ ከኮረብታው በላይ ወጣች፤ ሙቀት ግን አላመጣችም። እኔ እየደጋገምኩ አንቀላፋሁ። ስነቃ ኔሊዳ አጠገቤ ተቀምጣለች።

«ደከመኝ ቴልሞ» አለችኝ።

«እንሂዳ።»

«አይ፣ ይሄኛው ደህና ነው። ክንዴን ነው የደከመኝ። ክንዴ ብቻ ሲደክመኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው መሰለህ?»

ከቦርሳው በጮማ የተጠበሰ ቂጣ አውጥቼ ቆርሼ ሰጠኋት። እሷም በላችና ተነስታ ወደ ውሃው ተመለሰች፤ አሁን ግን ወደ ማሰሮው ጭራ፣ ውሃው ወደሚፈጥንበት ወረደች። ብዙም ሳትቆይ ክሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። መንጠቆው ድንጋይ የያዘ መስሏት ዘንጉን ነቀነቀችው። ድንጋዩ ወደ ጥልቁ ሄደ።

«ያዝኩት! ቴልሞ! ኧረ ትልቅ ነው!»

ዓሳው አንዴ ብቻ ወጥቶ ታየ። ቢጫ ሆዱን፣ ጥቁር ነጥብ ያለበትን ጀርባውን አየሁት፤ ክንድ ያህላል። ከዚያ አፍንጫውን ወደ ወንዙ መውረጃ አዙሮ ሄደ። የክሩ መጠቅለያ ይጮሃል፤ ክሩ እያለቀ ነው። ኔሊዳ ተከተለችው።

«አትግቢ! ተመለሺ!» አልኳት።

«ክሩን ጨረሰብኝ እኮ!»

«ይጨርሰው! እትዬ!»

አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ። ውሃው ከወገቧ በላይ ሆነ። ከዚያ እግሯ ያረፈበት ድንጋይ ከዳት። አልጮኸችም። በአንዴ ቆቧ ብቻ፣ ቀጥሎ እጇ ብቻ፣ ከእጇ ጋር ዘንጉ ብቻ ታየ። ወንዙ አንከባልሎ ወስዶ ከታች ውሃው ላይ ከተጋደመው የወደቀ አኻያ ግንድ ጋር አላተማት። እዚያ ነው የያዘችው። አንድ ክንዷን ግንዱ ላይ ጣለች፤ ውሃው ደረቷ ላይ እየተከመረ ወደ ግንዱ ሥር ይገፋታል። የጎማ ሱሪዋ ሞልቶ እንደ ጆንያ ተነፍቷል።

እየሮጥኩ ወረድኩ። እስከ ጉልበቴ ስገባ ብርዱ ትንፋሼን ቆረጠው። ረጅም እንጨት አንስቼ ዘረጋሁላት፤ አልደረሰም። አንድ እርምጃ ስጨምር ውሃው እኔንም ሊወስደኝ ቃጣ።

«ዘንጉን ልቀቂው! በሁለት እጅሽ ያዢ!»

«የአባባ ነው!»

«ልቀቂው አልኩሽ!»

ከኋላዬ «ጢን!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ደግሞ «ጢን!» ዞር ስል ፌርሚን ከፈረሱ ወርዶ በጉጠት የእርሻውን ሽቦ እየቆረጠ ነው። የመጨረሻውን ሲቆርጥ ሽቦው ተወርውሮ ጉንጩን ሰነጠቀው። ደሙን እንኳ አልጠረገም። ፈረሱ ላይ ወጣና በክፍተቱ አልፎ በቀጥታ ወደ ውሃው ገባ። ፈረሱ ሆዱ ድረስ ሲሰምጥ አንገቱን እየወዘወዘ እምቢ አለ፤ ፌርሚን በተረከዙ ጎሰመው። ከኮርቻው ላይ የቆዳ መጫኛውን ፈትቶ፣ አንዴ ከራሱ በላይ አዙሮ ወረወረ። ቀለበቱ ግንዱ ላይ ወድቆ ተንሸራተተ። ሰብስቦ ደግሞ ወረወረ፤ አሁን ትከሻዋ ላይ አረፈ።

«ኔሊ! ክንድሽን አሳልፊበት! በብብትሽ ሥር!»

«ዘንጉን ያዙልኝ መጀመሪያ!»

«ዘንጉን ውሃ ይብላው! አንቺ ሴትዮ፣ ክንድሽን ነው ያልኩሽ!»

ዘንጉን ወደ እኔ ወረወረችው። እኔ ጋ አልደረሰም፤ የአኻያው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ክንዷን በቀለበቱ አሳለፈች። ፈረሱ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለ ጎተታት፤ እኔም ስትቀርብ በአንገትጌዋ ይዤ ጠጠሩ ላይ አወጣኋት። ከጎማ ሱሪዋ ውሃ እንደ ተገለበጠ ባልዲ ፈሰሰ።

በጎኗ ተኝታ ስታስል ቆየች። ጥርሷ እየተንገጫገጨ የመጀመሪያ ቃሏን ተናገረች፤ «እንደ ጥጃ ጠለፍከኝ።»

«ጥጃ ይሻላል» አለ ፌርሚን ከፈረሱ እየወረደ። «ጥጃ አይሳደብም።»

ከኮርቻው ሥር ፖንቾውን፣ ወፍራሙን የሱፍ ካባውን፣ አወጣ፤ የቆዳ ጭን መሸፈኛውንም ፈታ። ኔሊዳ ከፈረሱ ጀርባ ሆና እርጥቡን ሁሉ አውልቃ እነዚያን ለበሰች። ፌርሚን ደረቅ የአኻያ ጭራሮ ሰብስቦ ከአለቱ ሥር ክብሪት ጫረ።

«እርሻው አጠገብ እሳት ክልክል አይደል ጋሼ?» አልኩት።

«ሽቦውም ክልክል ነበር» አለኝ።

ትንሿን ጥቁር ጀበናውን ጣደ። በትንሿ ቅሉ ውስጥ እንደ ሻይ የሚጠጣውን የማቴ ቅጠል ጨምሮ ሙቅ ውሃ ሞላባትና ለኔሊዳ ሰጣት። እሷ በብረት መምጠጫው ጠጥታ መለሰች፤ እኔ ጠጣሁ፣ እሱ ጠጣ፣ ቅሏም ደግሞ ወደ እሷ ዞረች። ጉንጩ ላይ ያለው ደም ደርቋል። ድካሙ ሦስታችንንም እኩል ተጭኖናል፤ ያን ሰዓት አንድ ሰው መጥቶ ተነሱ ቢለን የምንነሳ አይመስለኝም።

በመሃሉ ኔሊዳ ማልቀስ ጀመረች። በቀብሩ ቀን አላለቀሰችም ነበር። ከዚያም ወዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። አሁን ግን ቅሏን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ አፏን ሳትሸፍን፣ እንደ ልጅ አለቀሰች። እኔና ፌርሚን እሳቱን እሳቱን አየን። ሲወጣላት ፊቷን በፖንቾው ጠረገች።

«ለምን አልመጣህም?» አለችው።

ምኑን ብሎ አልጠየቃትም። «ፈረሱን ጭኜ ነበር» አለ። «ንጹሕ ሸሚዝም ለብሼ ነበር። ጫማዬን ላጠልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ መነሳት አቃተኝ።»

«አሞህ ነው?»

«አላመመኝም። ደከመኝ። እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም ኔሊ። የዕድሜ ልክ ድካም እዚያች አልጋ ጫፍ ላይ አድፍጦ የጠበቀኝ ይመስል ነበር። አንዱን ጫማ ይዤ ስቀመጥ፣ ስቀመጥ፣ ቀኑ መሸ። ወጥቼ ሳይ ፈረሱ እንደተጫነ ቆሟል፤ ጀርባው ላይ በረዶ ወርዷል።»

ኔሊዳ ቀና ብላ አየችው። የምትሰድበው መስሎኝ ነበር።

«ሰበብ ነው ብለሽ እንዳትቆጪ» አለ።

«አልቆጣም። ካንተ አፍ የወጣ የማምነው ነገር ቢኖር ይሄ ነው።» ቅሏን መለሰችለት። «ደቡብ ሄደህ የቀረኸውስ? እሱም ደክሞህ ነው?»

«እሱማ ጅልነት ነው።»

«እሱንም አምናለሁ።»

እኔ ሳቅ አመለጠኝ። እሷም አፍንጫዋን እየሳበች ፈገግ አለች። «እማማ መጨረሻ መጨረሻ ላይ እኔን ፌርሚን ብላ ትጠራኝ ነበር» አለችው። «'ፌርሚን ልጄ፣ እንጨት ፍለጥልኝ፣ ቤቱ ቀዝቅዟል' ትለኛለች።»

«ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? ወጥቼ እፈልጣለሁ። ተመልሼ 'ፈለጥኩልሽ እማማ' ስላት 'አንተ እኮ ከኔሊዳ ትሻላለህ' ትለኝ ነበር።»

ፌርሚን መሳቅ ጀምሮ አልጨረሰውም። ፊቱን ወደ ፈረሱ አዞረና መጫኛውን ሲጠቀልል ብዙ ቆየ፤ ሊጠቀለል ከሚገባው በላይ።

እኔ እስከዚያ ዘንጉን ከአኻያው ላይ በእንጨት ጎትቼ አወረድኩት። ጫፉ ተሰንጥቋል፤ ዓሳው ክሩን በጥሶ ሄዷል። የምንመለስ መስሎኝ ልጠቀልለው ስጀምር ኔሊዳ እጇን ዘረጋች።

«አምጣው።»

«እትዬ፣ አሁን ከሞት ወጣሽ እኮ!»

«ከዳሩ አልነቃነቅም። ሌላ ዝንብ ልሞክር ነው።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር በላት!»

«እኔን ሰምታኝ ታውቃለች?» አለ ፌርሚን። ግን ተነስቶ ተከተላት፤ ከኋላዋ ቆሞ የፖንቾውን ጫፍ ጨበጠ። «ወርውሪ። ልጓምሽን ይዣለሁ።»

እንዲያ ሆነው አየኋቸው። እሷ በወንድ ቆዳ ጭን መሸፈኛ፣ በባዶ እግሯ ጠጠር ላይ ቆማ በተሰነጠቀ ዘንግ ትወረውራለች። እሱ ከኋላ ፖንቾዋን ይዞ እንደ ቆመ ፈረስ ዝም ብሏል። በዳሩ በረጋው ውሃ ላይ አንዲት ትንሽ ትራውት ያዘች፤ ከመዳፏ ብዙም አትበልጥም። ኔሊዳ እጇን አረጠበች፤ መንጠቆዋን በቀስታ አወጣችላት፤ አፏን ወደሚመጣው ውሃ አዙራ ያዘቻት። ዓሳዋ ጥቂት ተንፍሳ፣ ጭራዋን ወዝውዛ ከጣቶቿ መሃል ሄደች።

«በቃኝ» አለች ኔሊዳ።

ፌርሚን በእርሻው መኪና በዋናው በር ላውጣችሁ አለ። ኔሊዳ በእንጀራህ ላይ አትቀልድ፣ በመጣንበት እንመለሳለን አለችው። እኔ ግን እግሬ ድንዝዝ ብሎ መቆም አቃተኝ፤ ስለዚህ ፈረሱ ላይ ጫኑኝ። ሁለቱ በእግራቸው ከፊት ከፊት ሄዱ። ምን እንደተነጋገሩ ነፋሱ ወሰደው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ፖንቾውን ልታወልቅ ስትል «ይዘሽው ሂጂ፤ ስትታመሚ ማን ያስታምምሻል?» አላት።

«ቴልሞ አለ አይደል?»

ፌርሚን ፈረሱ ላይ የተንጋለልኩትን እኔን ቀና ብሎ አየኝ። «ይዘሽው ሂጂ» አለ ደግሞ።

በማግስቱ የተቆረጠውን ሽቦ ሊጠግን ሲሄድ ጥጆች ወጥተው ወንዝ ዳር እየጋጡ አገኛቸው። የእርሻው አስተዳዳሪ ማን ቆረጠው ብሎ ሲጠይቅ፣ እኔ ነኝ አለ። ለምን ሲለው፣ ወንዝ ሰው ወስዶ ነበር አለ። አላባረሩትም። ከበሩ ግን አነሱት፤ ለበጋው ከከብቶቹ ጋር ወደ ላይኛው ግጦሽ፣ መኪና ወደማይደርስበት የተራራ ጎጆ ላኩት። ለሽማግሌ ከባድ ቦታ ነው። ሰውም የለበትም። እሱ ግን ሊሰናበተን ቤታችን ድረስ መጣ፤ ከተለያዩ ወዲህ በሩን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር። ኔሊዳ ቁጭ በል አለችው። ከማድ ቤቱ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ሲመሽም ሳንጠይቀው ወጥቶ እንጨታችንን ፈለጠ።

በበጋው እኩሌታ ኔሊዳ የጎማ ሱሪውን እንደገና ጣጥፋ፣ ዘንጉን በመዳብ ሽቦ አስራ፣ «እዚያ ላይ ባለው ጅረት ትንንሽ ትራውት አለ ይላሉ» አለችኝ። መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ አደረስኳት። ከዚያ የሚወስዳት ፌርሚን ፈረስ ይዞ ቆሞ ነበር። የሁለቱንም ጀርባ ከኮረብታው እስኪያልፍ አይቼ ተመለስኩ።

ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። የሚጠራኝ፣ የማገላብጠው፣ የማበላው ሰው አልነበረም። ጫማዬን አወለቅኩና ልብሴን እንደለበስኩ ተኛሁ። ያለ አንዳች ሕልም ረጅም እንቅልፍ ተኛሁ።

ኔሊዳ ከቀናት በኋላ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ ተመለሰች። ልብሷን አጠበች፣ ዳቦ ጋገረች፣ ደግሞ ሄደች።